ለቤተሰብ የተዘጉ ሰባት ቀናት

ውድ ልጄ ጥያቄ፣

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ» ተብሎ እንደሚጀመር አልዘነጋሁም። ግን «ደህና» በምትለው ቃል አንድ ጊዜ ክፉኛ ስለዋሸሁባት ዛሬ ዘልያታለሁ። ጤንነቴን ማወቅ ከፈለግሽ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፣ ዓይኔም መርፌ ውስጥ ክር ለመክተት ሦስት ጊዜ ያስለምነኛል። ሌላው በቦታው አለ። የጠራሁሽም እናትሽ ባወጣችልሽ ስም ነው፤ አፍ ከፈታሽ ጀምሮ «ለምን» ሳትይ የዋልሽበት ቀን ስላልነበረ።

ባለፈው ሰኞ ቀያሹ መጣ። በየወሩ መሬት ሊለካ የሚመጣው፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን እንደ ሕፃን አቅፎ ደረጃ የሚወጣው ሰውዬ። በአካል አታውቂውም እንጂ ሃያ ጊዜ ያህል ጽፈሽለታል። ዕቃውን አስቀምጦ ወረደና፦

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ቤቱን ዘጉት እንዴ?» አለኝ።

«ማን ዘጋው?»

«እኔ ምን አውቄ! ቡክ ላድርግ ብል እምቢ አለኝ። ካላንደሩ ላይ ሰባት ቀን ድርግም ብሏል።»

ስልኬን አውጥቼ፣ አንዲት ነርስ ባሳየችኝ መንገድ እየዳሰስኩ ክፍልሽን ለእንግዳ የምናከራይበትን ገጽ ከፈትኩት። እውነትም ሰባት ቀኖች ግራጫ ለብሰው ተደርድረዋል። ከሥራቸው በትንንሽ ፊደል «ለቤተሰብ» ይላል። ያንን ገጽ ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚነካው የለም፤ እኔ ደግሞ አልነካሁትም።

ቀያሹ ፊቴን አይቶ «ምነው፣ ክፉ ነገር አለ?» አለኝ።

«ልጄ ልትመጣ ነው መሰለኝ» አልኩት። «ልጄ» የሚለው ቃል ከአፌ ጮክ ብሎ ሲወጣ የሰማሁት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ሰውዬው ምን እንደገባው እንጃ፣ መሬት ሲለካ በዋለበት እጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

ደስ ብሎኛል፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ነገር ግን ከመምጣትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ። ካወቅሽው በኋላ ቀኖቹን መልሰሽ ለእንግዳ ልትከፍቻቸው ትችያለሽ። ዝም ብል ትመጫለሽ፣ ብናገር ምናልባት አትመጪም። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሳገላብጥ የአንዱን ደንበኛዬን ሱሪ ሁለት ጊዜ አሳጥሬ ቁምጣ አስታጠቅኩት። በአራተኛው ቀን ወረቀት ገዛሁ። አድራሻሽን ያገኘሁት ገጹ ላይ ካስመዘገብሽው ነው፤ እንዳትቆጪኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ያን ጊዜ፣ ከእናትሽ ቀብር በኋላ መጥተሽ በተቀመጥሽ በስድስተኛው ቀን፣ ክፍልሽን በስልክ ፎቶ ታነሺ ጀመር። ከሁለተኛው ቀን ወዲህ እኔና አንቺ «ብላ»፣ «በላሁ» ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኩሽ።

«ቤቱ ሰው ይግባበት። እኔ ስሄድ ከግድግዳ ጋር ልትውል ነው እንዴ?»

ከዚያ ጥያቄሽን አዘነብሽው። በሩ ይይዛል ወይ፣ ውሃው ሁልጊዜ ይመጣል ወይ፣ አልጋው ስንት ሰው ይችላል። እኔም አንድ አንድ ቃል እየቆረጥኩ ሰጠሁሽ። መጨረሻ ላይ «እንግዳ ሲጽፍልህ ማን ይመልስለታል?» አልሽኝ።

«አንቺ መልሺለታ።»

«በማን ስም?»

«በባለቤቱ ነዋ፣ በማን ሊሆን ነው!»

ቀና ብለሽ አየሽኝ። «እሺ፤ አንተ መናገር ስለማይሆንልህ እኔ እናገርልሃለሁ» አልሽ። በማግስቱ ሄድሽ። ስደውልልሽ አታነሺም። ለእንግዶቼ ግን አንድም ቀን ሳይመለስላቸው ቀርቶ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ነበሩ። በሩን ስከፍትላቸው ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት? ሜሴጅዎን መኪና ውስጥ ጮክ ብለን እያነበብን ነው እኮ የመጣነው!»

ምን ብዬ ጻፍኩ ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ሴትዮዋ ራሷ አነበበችልኝ። «ሦስተኛዋ ደረጃ ስትረግጧት ትጮኻለች። አትደንግጡ፣ ሰላምታዋ ነው። መልሱላት።» ልጄ፣ እኔ በሕይወት ዘመኔ ቀልድ ተናግሬ ሰው አስቄ አላውቅም። እናትሽን አግቢኝ ብዬ ስጠይቃት እንኳ ግማሹን ሰዓት ያወራሁላት ስለ ጨርቅ ነው። ባልየው ደረጃዋ ላይ ወጣና ስትጮኽለት «እንደምን ዋልሽ!» አላት። እኔ ታች ቆሜ ቀረሁ። ደረጃዋ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ትጮኽ ነበር፤ መስማት የተውኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀኛል። «ቁልፍ ተበጥሶብዎት ከሆነ አያስቡ፣ እርስዎ ፊትዎን ታጥበው ሳይጨርሱ እተክልልዎታለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ኖሯል። እንግዳው ሁሉ ሸሚዙን አንጠልጥሎ ይወርድብኛል። አንዱማ ሆን ብሎ በጥሶት እንደመጣ ከክሩ አውቄበታለሁ። ማጉረምረሜ አልቀረም፤ ግን በማግስቱ ወጥቼ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቁልፍ ገዛሁ።

ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ በሱቁ በር ገብታ በተቆረጠው ጨርቅ ላይ ስትተኛ፣ እኔም ወንበሬ ላይ ዓይኔን ከደን ሳደርግ፣ ያንን ሰውዬ አየዋለሁ። በመልእክትሽ ውስጥ የሚኖረውን። ከእኔ ትንሽ ረዘም ይላል። ሰው ሲጠይቀው ፊቱን አያዞርም፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ውሃው፣ በጠዋት ስለሚጮኹት ወፎች ሳይታክት ያወራል። ሱቁ ውስጥ ገብቶ ሜትሬን አንገቱ ላይ አጥልቆ ይቀመጣል። ከዚያ ደረጃዋ ትጮኽና ነቃ እላለሁ፤ እንግዳው የሚወርደው ወደ እኔ ይሁን ወደ እሱ ለጊዜው ይጠፋብኛል። ደስ የሚል መጥፋት ነው። አንዳንዴ እሱን መስዬ እመልሳለሁ፣ ማንም አልነቃብኝም።

አንድ ጊዜ ልያዝ ነበር። ጡረታ የወጣች አስተማሪ መጥታ ምሳዋን ከበላች በኋላ ወደ ክፍሏ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ወረደችና «የታለ ዝናቡ?» አለችኝ።

«የምን ዝናብ?»

«ጽፈውልኝ የለም እንዴ? አልጋው ላይ ሆነው የስፌት መኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ዝናብ የሚዘንብ ይመስልዎታል፣ ሳያስቡት እንቅልፍ ይወስድዎታል ብለው። እኔ እኮ እሱን ብዬ ነው የመጣሁት፤ እንቅልፍ ከራቀኝ ቆየ።»

አንቺ የማታውቂው፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ መኪናውን በአንሶላ ሸፍኜው እንደነበር ነው። ቁልፍ የምተክለው በእጄ ነበር። ሥራ አቁሜያለሁ፣ ለማንም ግን አልነገርኩም። «ተበላሽቷል» ልላት አፌን ከፈትኩና አንቺ ትዝ አልሽኝ። በዚህች ሴት ፊት ውሸታም ልትባዪ ነው። የዚህ ቤት ውሸት በእኔ ይበቃል ብዬ አንሶላውን ገፈፍኩት። ዘይት አጠጣሁት። የሚሰፋ ነገር ስላልነበረኝ ያንኑ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስኩ ሰፋሁት። አንድ ሰዓት ያህል ሰፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ላይ ፀጥ ብሏል። አስተማሪዋ በአሥራ አንድ ሰዓት ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር እንደታተመ ወረደች። አመሰገነችኝ አይገልጸውም። በሳምንቱ ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ሰምቶ የተቀደደውን ይዞልኝ መጣ። ዛሬ የምበላው እንጀራ የተገኘው በዚያች ከሰዓት በኋላ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ አስተያየት እንደሚጽፉና አንቺም እንደምታነቢው የተረዳሁት በቀያሹ ነው። ደረጃዋን ላስጠግን አናጢ ጠርቼ፣ ሳይነካት መልሼ ስሸኘው አይቶ ጻፈው። አንቺ ከሥሩ በእኔ ስም «ደግ አደረግሁ» ብለሽ መለስሽ። «ጋሼ፣ ራስዎን አመሰገኑ እኮ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀብኝ። እኔ ግን ደግ ማድረጌን የነገረኝ ማን እንደሆነ ስለማውቅ ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚሄደው ሁሉ «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» ማለት ለመድኩ። የጣሪያው ፍሳሽ መደፈኑን፣ ክፍሉ ቀለም መቀባቱን፣ የጓሮው ዛፍ ማበቡን በሰው እጅ አስጽፌ ልኬልሻለሁ። አንዷ እንዲያውም «አባባ፣ ጥርስዎን ማስነቀልዎ ለእንግዳ ምን ይጠቅመዋል?» ብላኛለች። ለምኜ አስጻፍኳት።

አንዲት ዓረፍተ ነገርሽ ግን እንደ ተረሳ መርፌ ስትወጋኝ ኖራለች። ለእንግዳ ሁሉ በምትልኪው መልእክት መጨረሻ ላይ ያለችው። «በቆይታዎ ቢያምዎ ታች ወርደው ይንገሩኝ። በዚህ ቤት ሕመም አይደበቅም።» እንግዶቹ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነዎት» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለማን እንደተጻፈች ስለማውቅ አንገቴን ሰብሬ መቀስ እፈልጋለሁ።

ከአንድ ወር ተኩል በፊት ነርሷ መጣች፤ ለሥልጠና። ልጅ እግር ናት፣ ካንቺ ታንሳለች። ስልኩን እንዴት እንደምከፍት፣ መልእክቶቹ የት እንደሚቀመጡ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ገና በስምንት ሰዓት ተመልሳ መጣችና ሱቁ በር ላይ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ አሞኛል። አይደበቅም ብለው ጽፈው የለ?»

ግንባሯን ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ታክሲ ጠርቼ ክሊኒክ ወሰድኳት። መርፌ ሊወጓት ሲያዘጋጁ ስልኳን ሰጠችኝ። «እናቴ ጋ ይደውሉልኝ። ደህና ናት እንዳይሏት። ያለውን ይንገሯት።»

ደወልኩ። ሴትዮዋ አነሳች። «እናቴ» አልኳት፣ «ልጅዎ ያረፈችበት ቤት ባለቤት ነኝ። ታማለች፣ ክሊኒክ ነን። ትኩሳቷ ከፍ ብሏል፤ ግን ትናገራለች፣ ውሃም ትጠጣለች።» «እሺ፣ እመጣለሁ። እስክመጣ አጠገቧ ይሁኑልኝ» አለች። አለቀ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ለካ ይህን ያህል ብቻ ነበር! በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ነርሷን ወደ ክፍሏ ከመለስኳት በኋላ፣ ሴትዮዋ ደርሳ ልጇን እቅፍ ስታደርግ ማየት አልቻልኩም፤ ሥራ እንዳለበት ሰው ሸሽቼ ወረድኩ።

ነርሷ ድና በሄደች በሳምንቱ፣ ልብ አገኘሁና ስልኬን ከፈትኩ። መልእክትሽ የሚመጣበት ቦታ አንቺ ያለሽበት መሰለኝ። ከሁሉ በላይ ያለውን ነካሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልጄ፣ መኪናው ደህና ይሰፋል። ክፍልሽ ውስጥ ሰው ሲያስል አንቺ ትመስይኛለሽ። ነይ።» ላኩት። ወዲያው መልስ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ ለኔ የተጻፈ አልመሰለኝም። ግን አነበብኩት፣ ይቅርታ። ልጅዎ የማትመጣ ከሆነ እኔ እመጣለሁ።»

ለነርሷ ልኬው ኖሯል! ላጠፋው ብሞክር አልጠፋ አለ። እፍረቴን አትጠይቂኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ገጽ አንቺም ታይዋለሽ። መልስ አልጻፍሽም። በዘጠነኛው ቀን ቀያሹ ቤቱን ዘጉት ወይ አለኝ።

እንግዲህ የመጣሁበትን ልናገር።

እናትሽ አምስት ወር ታመመች። መጀመሪያ ላይ አለመንገራችን የሁለታችን ውሳኔ ነበር። አዲስ ሥራ ይዘሽ ነበርና «ትደላደል፣ እኔም እሻላለሁ» አለች። ይህ እውነት ነው። በመጨረሻው ወር ግን፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ያንቺ ክፍል ፀሐይ ስለሚገባው እዚያ ተኝታ ሳለች፣ እጄን ያዘችኝ።

«ደውልላት።»

«ምን ልበላት?»

«ያለሁበትን ንገራት። ትምጣ። ላያት እፈልጋለሁ።»

«እሺ፣ ነገ» አልኳት። በማግስቱ «ደወልክ?» አለችኝ። «መስመሩ እምቢ አለ» አልኩ። በሦስተኛውም ቀን ጠየቀችኝ፣ በሦስተኛውም እምቢ አለ አልኩ። አሥራ አንድ ቀን እስክትሞት ድረስ እንዲህ አልኩ። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር።

በሰባተኛው ቀን አንቺ ራስሽ ደወልሽ። ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። «እማዬስ?» አልሽ። «ደህና ናት፣ ገበያ ወጥታለች» አልኩሽ። «ሁልጊዜ ገበያ! ስትመለስ ሳምልኝ» ብለሽ ስቀሽ ዘጋሽ። ከላይ «ማነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ደንበኛ ነው» አልኳት። ወጥቼ ግንባሯን ሳምኳት። «ምነው?» አለችኝ። «እንዲሁ» አልኩ። የማን መሳም እንደሆነ እንኳ አልነገርኳትም።

ለምን ትይኛለሽ። እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አንቺ እስካላወቅሽ ድረስ እናትሽ ጤነኛ ሆና፣ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ የምትሄድበት አንድ ቦታ በዓለም ላይ ቀርቶልኝ ነበር፤ እሱም አንቺ ዘንድ ነበር። የነገርኩሽ ዕለት እዚያም እንደምትተኛብኝ አውቅ ነበር። ፈራሁ ልጄ። ይህ ሰበብ እንደማይሆነኝ አውቃለሁ፤ ብቻ የሆነው ይህ ነው።

የባሰው ደግሞ በኋላ ያደረግኩት ነው። ደርሰሽ በሩ ላይ ሻንጣሽን ሳታስቀምጪ «ለምን አልነገርከኝም?» ስትዪኝ፣ «እናትሽ ናት እንዳትነግራት ያለችኝ» አልኩሽ። መልስ በማትሰጠው ላይ ጣልኩት። በማግስቱ መቃብሯ ጋ ልውሰድሽ ስል «እሷ እኔን ካልፈለገች እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ» ብለሽ ደረጃው ላይ ተቀመጥሽ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ኮቴን አጥልቄ ብቻዬን ሄድኩ። ሳታያትም ተመልሰሽ ሄድሽ። ሁለት ዓመት ተኩል እናቴ አልፈለገችኝም ብለሽ ስትኖሪ እኔ ታች ቁልፍ ስተክል ነበር።

እናትሽ ፈልጋሽ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በስምሽ ጠርታ ፈልጋሽ ነበር። እኔን መጥላት ካለብሽ ጥዪኝ፣ እሷን ግን ከዚህ ነገር አውጫት።

ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ቀኖቹ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራቸዋል። እንደ በፊቱ በየሰዓቱ ስልኬን እየከፈትኩ ግራጫ መሆናቸውን አላይም፤ ከአሁን በኋላ የመወሰኑ ነገር ያንቺ ነው። ብትከፍቻቸውና እንግዳ ቢመጣ አልጋውን አንጥፌ እቀበለዋለሁ፣ አንድ ቃል አልወቅስሽም። ከመጣሽ ደግሞ ወደ ቤት አላስገባሽም። ሻንጣሽን ሱቅ ውስጥ ጥለን ቀጥታ እሷ ጋ እንሄዳለን። መንገዱን ካሳየሁሽ በኋላ እኔ ከበሩ ውጭ እቀራለሁ፤ የምትነጋገሩት አላችሁ።

አባትሽ